የሽሮውን ገጽ ግለጡ

ታናሽ ወንድሜ ባለፈው ሰሞን ማታ ደወለና «እትዬ፣ ለሽሮ መጀመሪያ የሚገባው ውሃው ነው ዱቄቱ?» አለኝ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ልጁ ሃያ አራት ዓመቱ ነው። የሒሳብ ዲግሪውን ይዞ ከደብረ ታቦር አለፍ ብሎ በጉና ግርጌ መምህር ሆኖ ተመድቧል። እኛ አንበሳሜ፣ እሱ ደጋ። የመጀመሪያውን ወር ደመወዝ ለምግብ ቤት ገበረና በሃያኛው ቀን ኪሱ ባዶ ሆነ። በሁለተኛው ወር አንድ የከሰል ምድጃ፣ አንድ ድስትና አንድ ማማሰያ ገዛ። ሽሮውንና በርበሬውን እናቴ ልካለታለች። የቀረው ማብሰል ብቻ ነበር።

«ሽንኩርቱን ታቁላላለህ፣ ዘይት ጠብ ታደርጋለህ፣ በርበሬ… ከዚያ ውሃ ጨምረህ ሲፈላ ሽሮውን እየነሰነስክ ታማስላለህ» አልኩት።

«ስንት ውሃ?»

«በቂ ውሃ።»

«በቂ ማለት ስንት ነው?»

ዝም አልኩ። ጋዜጠኝነት ስንማር መምህሮቻችን ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት የሚሉትን ጥያቄዎች እስኪሰለቸን ድረስ ደጋግመውልናል። «ስንት?» የሚለው ግን ከዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም መሰለኝ፤ ከአሥራ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ ስሠራው የኖርኩት ሽሮ ስንት ውሃ እንደሚፈልግ አላውቅም። እጄ ያውቃል፣ እኔ ግን አላውቅም። እጄን ደግሞ በስልክ መላክ አልችልም።

በማግስቱ «ትናንት የበላሁት ሽሮ ሳይሆን የግድግዳ ምርጊት ነው» የሚል መልእክት ላከልኝ።

«ታዲያ ዩቲዩብ አያይም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። እሱ ያለበት መንደር ኔትወርክ ለመያዝ ጉብታ መውጣት ይጠይቃል። ኔትወርክ አለን የምንለውም ብንሆን ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንዴት እንደከረምን አንረሳውም። መጽሐፍ ዳታ አይበላም፣ ባትሪ አይጨርስም፣ ድስቱ እያረረ «ላይክና ሰብስክራይብ አድርጉ» ብሎ አያቋርጥም። ስለዚህ መጽሐፍ ልገዛለት ወሰንኩ። የዛሬው ጽሑፌም ስለዚሁ ነው። ጓደኞቼ ስለ ምርጫና ስለ ሕገ መንግሥት ሲጽፉ እኔ ስለ ድስት በመጻፌ የምታዝኑብኝ ካላችሁ፣ እባካችሁ እራት እስኪደርስ ብቻ ታገሡኝ።

ባሕር ዳር፣ መጽሐፍ ፍለጋ

ባሕር ዳር ወርጄ አንድ መጽሐፍ መሸጫ ገባሁና «የምግብ አሠራር መጽሐፍ አለ?» ብዬ ጠየቅኩ። ሻጩ ከላይ እስከ ታች አየኝና «ሙሽራ ነሽ እንዴ?» አለኝ። «ኧረ ለወንድሜ ነው» ስለው ደግሞ ከልቡ ሳቀ። እንግዲህ ለሴት ከሆነ ሰርግ፣ ለወንድ ከሆነ ቀልድ መሆኑ ነው። ተርቦ መብላት የሚፈልግ ሰው በመካከል ሊኖር እንደሚችል ማንም አላሰበውም።

«በአንድ ወር ሚሊየነር የመሆን ምሥጢር» ከሚሉት ጎን ሁለት መጻሕፍት አወጣልኝ።

አንደኛው የሚያብረቀርቅ ሽፋን ያለውና በአገራችን ምግብ ላይ የተጻፈ ነው። ስገልጠው የመጀመሪያው ምግብ ዶሮ ወጥ፣ ሁለተኛው ክትፎ፣ ሦስተኛው ዱለት። ሽሮን ፈለግኩ። ከመጨረሻው አካባቢ በስድስት መስመር ተቀምጣ አገኘኋት። በእነዚያ ስድስት መስመሮች ውስጥ «በመጠኑ» ሦስት ጊዜ፣ «በቂ» ሁለት ጊዜ፣ «እንደ ሁኔታው» አንድ ጊዜ ተጽፏል። ልክ እኔ በስልክ እንደመለስኩት! ልዩነታችን እኔ ገንዘብ አለማስከፈሌ ነው።

ሁለተኛው ከውጭ ቋንቋ የተመለሰ ነው። መለኪያው ተሟልቷል፤ ግራም አለ፣ ሚሊ ሊትር አለ፣ ደቂቃ አለ። ነገር ግን «ምድጃውን በ180 ዲግሪ አሙቁ» ብሎ ይጀምርና ብሮኮሊ፣ ክሬም፣ የወይራ ዘይት እያለ ይቀጥላል። በጉና ግርጌ በአንድ ክፍል ቤት፣ በከሰል ምድጃ፣ የሚበስለው ነገር ግን የለበትም።

አንዱ አገሬን ያውቃል፣ መለካት አይችልም። ሌላው መለካት ይችላል፣ አገሬን አያውቅም። እንደ ሞኝ አንደኛውን ገዝቼ ወጣሁ። አሁን የእናቴ መደርደሪያ ላይ የስልክ ቻርጀር ማስቀመጫ ሆኗል።

ከዚያ ወዲህ ግን አንድ መፈተኛ አግኝቻለሁ፤ ለማንም ገዢ የሚጠቅም ይመስለኛል። የምግብ መጽሐፍ ስትገዙ ዶሮ ወጡን አትዩ። የሽሮውን ገጽ ግለጡ። ዶሮ ወጥ የእንግዳ ፊት ነው፤ ሁሉም ተኳኩሎ ይቀርባል። ዶሮ በዓመት ስንት ቀን ትበላላችሁ? ሽሮስ? የዕለት ምግባችሁን በስድስት መስመር የሸኘ መጽሐፍ የተጻፈው ለኩሽና ሳይሆን ለሳሎን ጠረጴዛ ነው።

የሽሮው ገጽ ምን ይናገር?

አንደኛ፣ ስንት እንደሆነ ይናገር፤ ደግሞም ቤታችን ባለው ዕቃ። የግራም ሚዛን የሌለው ሰው ይበዛል። የሻይ ብርጭቆ፣ የቡና ስኒ፣ የሾርባ ማንኪያና የሻይ ማንኪያ የሌለው ቤት ግን የለም። «በሻይ ብርጭቆ አንድ ሽሮ፣ አራት ውሃ» ለማለት ሚዛን አያስፈልግም። ይህ ችግር የእኛ ብቻ አልነበረም። የፈረንጆቹም የድሮ መጻሕፍት «የእንቁላል ያህል ቅቤ» ይሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1896 ፋኒ ፋርመር የምትባል የቦስተን የምግብ ትምህርት ቤት ኃላፊ ባሳተመችው መጽሐፍ ኩባያውም ማንኪያውም አፉ ላይ በቢላ ተስተካክሎ ይለካ የሚል ደንብ አስገባች። በዚህች ቀላል ነገር ነው ስሟ እስከ ዛሬ የሚነሳው። አዲስ ወጥ አልፈጠረችም፤ አንዲት ሴት የሠራችውን ሌላዋ ሳታያት እንድትደግመው አደረገች።

ሁለተኛ፣ እሳቱንና ጊዜውን ይናገር። ደጋ ላይ ይህ ቀልድ አይደለም። ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ተብለን የተማርነው በባሕር ጠለል ላይ ነው። ከፍታው በየ300 ሜትሩ ሲጨምር የመፍያው ሙቀት አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃዋ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ቆላ ላይ በአንድ ሰዓት የሚበስለው ባቄላ ወይም ሽምብራ ደጋ ላይ ሰዓቱን ቢጠብቅም ድንጋይ ሆኖ ይገኛል። ወንድሜ «ባቄላው አርጅቷል» ብሎ ሊጥለው ነበር። ባቄላው አላረጀም፣ አገሩ ነው ከፍ ያለው። ማታ መዘፍዘፍ፣ ክዳን አለመክፈት፣ አቅም ካለ ፕሬዠር ኩከር መጠቀም… ይህን የሚነግር መጽሐፍ ስንት ከሰል እንደሚያድን አስቡት።

ሦስተኛ፣ የቀን መቁጠሪያችንን ይወቅ። አብዛኛው የአካባቢያችን ሰው ጿሚ ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ ሁዳዴ 55 ቀን፣ ፍልሰታ 15 ቀን፣ ነቢያት፣ ሐዋርያት… ቢደማመር የዓመቱን ግማሽ ያህል ይይዛል። ከመጽሐፉ ሦስት እጁ ሥጋና ቅቤ ከሆነ የግማሽ ዓመት መጽሐፍ ገዛችሁ ማለት ነው፤ በዋጋው ላይ ግን ግማሽ አይቀንሱላችሁም። የጾም ገጾቹም ቢሆኑ «ከላይ ያለውን ያለ ቅቤ ሥሩ» ተብለው የተገፉ መሆን የለባቸውም። ተልባ፣ ሱፍ፣ ስልጆ፣ አዚፋ፣ ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ ድንች… የጾም ምግባችን እኮ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ሾርባውን፣ ሳምቡሳውንና የረመዳንን ማፍጠሪያ የሚያስታውስ መጽሐፍ ይገባቸዋል።

አራተኛ፣ ገበያችንን ይወቅ። በእኛ በኩል ገበያ የወጣ ሰው ጤፍ ያገኛል፣ ዳጉሳ ያገኛል፣ የፎገራ ሽንኩርትና ቲማቲም፣ ከጉና በኩል የሚወርድ ድንችና ገብስ፣ ከጣና የሚመጣ ቀረሶና አምባዛ ያገኛል። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለአባቶች ትቻለሁ።) ሩዝም አለ። ሩዝ ፎገራ ላይ የገባው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ሲሆን ከሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው። ኤክስ ጅግና የሚባለው ዘር ዛሬም በገበሬው አፍ ላይ ነው፤ ወረታም የአገር አቀፉ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ ሆናለች። ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ እንጀራ መጋገር ብዙ ቤት ተለምዷል። እናቴ ለሁለት እጅ ጤፍ አንድ እጅ ሩዝ ታደርጋለች፤ ከዚያ ካለፈ እንጀራው በማግስቱ ይደርቅባታል። ይህን ልምድ በየትኛውም መጽሐፍ ላይ አላየሁትም። የአንድ ሙሉ ወረዳ ሰው የሚበላው ምግብ ግን ነው።

አምስተኛ፣ ሲበላሽ ምን እንደሚደረግ ይናገር። ወጡ ጨው ከበዛበት? ከሥሩ ካረረ? (እንዳትፍቁት፤ የላይኛውን ቀስ ብላችሁ ወደ ሌላ ድስት ገልብጡት።) ሽሮው ከጓጎለ? ጎበዝ አብሳይ መጽሐፍ አያስፈልገውም። መጽሐፍ የሚያስፈልገው ለሚያሳርረው ነው። ሁሉም ነገር እንደሚሳካ አድርጎ የሚጽፍ ደራሲ ድስት አሳርሮ አያውቅም፣ ወይም ይዋሻል።

ጨውን ካነሳሁ አንድ ነገር ልጨምር። አገራችን ጨው አዮዲን ይኑረው የሚል ደንብ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። እንቅርት በደጋው አገር ምን ያህል የተለመደ እንደነበር አያቶቻችንን መጠየቅ ይበቃል። አዮዲን ግን ረጅም እሳት ሲነካው ይቀንሳል፤ ስለዚህ ጨው መጨረሻ ላይ፣ ድስቱ ሊወጣ ሲል ቢጨመር ይመረጣል። ይህ አንድ መስመር ነው። አንድ መስመር ለመጨመር ቦታ ያጣ መጽሐፍ ለሽፋኑ ግን ወርቃማ ቀለም አላጣም።

የጓያው ነገር

እስካሁን ያልኩትን እንደ ቀልድ ልታዩት ትችላላችሁ። ይህን ግን እንደ ቀልድ እንዳታዩብኝ።

ልጅ ሳለሁ ጎረቤታችን የነበሩ አንድ ሽማግሌ በሁለት ዱላ ነበር የሚሄዱት። ጉልበታቸው ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ በእግራቸው ጣት ጫፍ እየተጎተቱ። በአሥራ ስምንት ዓመታቸው፣ በአንድ ክፉ ክረምት ነው አሉ እንደዚያ የሆኑት። አያቴ «የጓያ እንፋሎት መትቷቸው ነው» ይሉን ነበር። እኛም ጓያ ሲቀቀል ከማጀት እንሸሽ ነበር። ከዚያ ግን ቆሎውን በኪሳችን ሞልተን እየቆረጠምን ትምህርት ቤት እንሄዳለን!

ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው ነገሩን ያነበብኩት። እንፋሎቱ ምንም አያደርግም። ጓያ ነርቭን የሚጎዳ ንጥረ ነገር በውስጡ አለው። አልፎ አልፎ ከሌላ እህል ጋር የበላው ሰው አይጎዳም። ድርቅ ሆኖ ሌላው እህል ሲጠፋ፣ ጓያ ግን ድርቁንም የውሃ መተኛቱንም ስለሚችል እሱ ብቻ ይቀራል፤ ሰውም ለወራት ዋና ምግቡ ያደርገዋል። ያኔ ነው እግር የሚያዘው። ይበልጥ የሚጎዱት ደግሞ ወጣት ወንዶች ናቸው። አንዴ ከተያዘ መድኃኒት የለውም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በደንቢያና በፎገራ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ደግሞ በደላንታና ዳውንት ብዙ ሰዎች በዚህ ሽባ ሆነዋል፤ በአገራችን ሐኪሞች ተጠንቶ የተጻፈ ነው። የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። የፎገራና የደራ ሜዳ ውሃው ሲሸሽ በቀረው እርጥበት ላይ የሚዘራው ይኸው ጓያ ነው።

እዚህ ላይ ነው የምግብ አሠራር የነፍስ ጉዳይ የሚሆነው። ጓያን በብዙ ውሃ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት፣ ቀቅሎም ውሃውን መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል። ጨርሶ አያጠፋውም፣ ግን ይቀንሰዋል። ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ መብላት ይረዳል። እሸቱንና ቆሎውን እንደ ዋና ምግብ መያዝ አደገኛ ነው። አራት ዐረፍተ ነገር ነው። አራቱን ዐረፍተ ነገር የያዘ የምግብ መጽሐፍ ግን እስካሁን አልገጠመኝም፤ ምክንያቱም ጓያ የድሃ ምግብ ነው፣ ፎቶ ላይ አያምርም። ገበያ ላይ በርካሽ የሚሸጥ ሽሮ ውስጥ ግን ጓያ እንደሚቀላቀል የማያውቅ የለም። ወንድሜ እናቴ የላከችለት ሽሮ ሲያልቅበት የሚገዛው ከዚያው ገበያ ነው።

እና «መጽሐፉ ሽሮን እንዴት ነው የጻፈው?» ብዬ ስጠይቅ ስለ ጣዕም ብቻ እየጠየቅኩ አይደለም።

እንግሊዝኛ የሚችል ይብላ?

ለምን እንዲህ ሆነ? የጽሑፍ አገር ነን እንላለን። ሕጉን ጽፈናል፣ ገድሉን ጽፈናል፣ የመድኃኒቱን ሥር ሳይቀር በብራና ጽፈን ደብቀናል። የነገሥታቱን ግብር የሚመለከት «ሥርዓተ ግብር» የሚባል የቆየ ጽሑፍም አለ፤ ነገር ግን የሚነግረን ስለ ግብሩ አቅርቦትና ደንብ ነው እንጂ ወጡ እንዴት እንደተሠራ አይደለም። ወጡን የሠሩት ሴቶች አልጻፉም፣ የጻፉት ወንዶች ማጀት አልገቡም። እ.ኤ.አ. በ1887 እቴጌ ጣይቱ ለእንጦጦ ማርያም ምርቃት ያደረጉት ግብር እስከ ዛሬ ይወራል። ጄምስ ማካን የተባለ አሜሪካዊ የታሪክ ምሁር በ2009 ባሳተመው የአፍሪካ ምግብ ታሪክ መጽሐፉ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሰጥቶታል። ፈረንጅ ስለ ግብራችን ምዕራፍ ሲጽፍ እኛ ስለ ሽሮ ስድስት መስመር ጻፍን።

በትምህርት ቤት የቤት ባልትና ይሰጥ ነበር እኮ። እናቴ ተምራዋለች። «ምን አስተማሯችሁ?» ስላት «ኬክና ጥልፍ» አለችኝ። ኬኩን የምትጋግርበት ምድጃ እስከ ዛሬ የላትም። በሌላ በኩል በንጉሡ ዘመን፣ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ በስዊድን ድጋፍ የተቋቋመው የሥነ ምግብ ተቋም ፋፋን ሠርቶልናል፤ የአገራችን ምግቦች በውስጣቸው ምን እንዳላቸውም በሰንጠረዥ አውጥቷል። እውቀቱ አልጠፋም ማለት ነው። ከቤተ ሙከራው ወደ ማጀቱ ነው መንገድ ያጣው።

በጥሩ ሁኔታ የተጻፉ የምግብ መጻሕፍት የሉንም ለማለትም አልደፍርም። ዳንኤል ጆቴ መስፍን እ.ኤ.አ. በ1987 አሜሪካ ውስጥ ያሳተመው መጽሐፍ ከእናታቸው ማጀት ለራቁ ስንት ስደተኞች ደርሷል። ሼፍ ዮሐንስ ገብረየሱስም በ2018 ለንደን ያሳተመው አለ። ሁለቱም ግን የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። አልወቅሳቸውም። የሚገዛቸው ያለው እዚያ ነው፤ በርበሬ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ማስረዳትም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ግን አስቡት፤ ዋሽንግተን የተወለደ ልጅ የሽሮ አሠራር ከነመለኪያው እጁ ላይ አለ፣ በጉና ግርጌ ያለው መምህር ግን ምርጊት ይበላል።

«ባልትና በመጽሐፍ?»

ይህን ሁሉ ለእናቴ ሳወራት ረጋ ብላ ሰማችኝና «ባልትና በመጽሐፍ? እጅ ነው እንጂ!» አለች።

እውነቷን ነው፤ ቢያንስ ግማሹን። እርሾው መነሳቱን በሽታው፣ ሊጡ መቅጠኑን በእጅ ነው የምታውቀው። አብሲት መጣልን ከወረቀት የተማረ ሰው አላየሁም። በርበሬም ከገበያ ገበያ ይለያያል። ስለዚህ መጽሐፍ እናትን ይተካል አልልም።

ግን «እጅ ነው» የሚለው ነገር ሁለት የማያምሩ ትርጉሞች አሉት። አንደኛው «ሴት ልጅ ነሽ፣ ታውቂዋለሽ» ነው። እኔ ከአሥራ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ ከጭሱ ጋር ስታገል ወንድሜ የቤት ሥራውን ይሠራ ነበር። እኔ ማታ ማታ በኩራዝ አነበብኩ። ያኔ እኔ ተበደልኩ፣ ዛሬ ደግሞ ተራው የእሱ ነው። ወንድ ማጀት አይገባም ብለን ያሳደግነው ልጅ ማጀት ብቻዋን ስትጠብቀው ምን ያድርግ? ሁለተኛው ትርጉም ደግሞ «ከእኔ ጋር ይቀበራል» ነው። አያቴ ሲያርፉ የስልጆአቸው አሠራር አብሮ አረፈ። እናቴ ሦስት ጊዜ ሞክራ «የእሷ አይደለም» ብላ ተወችው። ለለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ስለ ስልጆአቸው ያወራ ነበር፤ ማናችንም ግን በሕይወት ሳሉ ስንት ባቄላ፣ ስንት ሱፍ፣ ስንት ቀን ብለን አልጠየቅናቸውም።

ይህን ስላት እናቴ ዝም አለች። ከዚያ «በይ ብርጭቆሽን አምጪ» አለችኝ።

አንድ ሳምንት ሙሉ እሷ ስትሠራ እኔ እየለካሁ ጻፍኩ። እጇ ድስቱ ላይ ሳይደርስ «እማዬ፣ ቆይ!» እያልኩ ጨው ሳይቀር ከእጇ ላይ ወደ ማንኪያ አስገለበጥኳት። ተናደደችብኝ፣ ሳቀችብኝ፣ በመጨረሻ ራሷ መቁጠር ጀመረች። «ትንሽ ውሃ» የምትለው ሁለት ብርጭቆ ተኩል ሆኖ ተገኘ። «ቆንጠር አድርጊ» የምትለው ግማሽ የሻይ ማንኪያ ነው። «ወዲያው ይደርሳል» የምትለው ሽሮ አርባ ደቂቃ ፈጀ። እሷም ገረማት፤ በዚህ ሁሉ ዓመት ስንት ሰዓት እሳት ፊት እንደቆመች አስልታው አታውቅም ነበር።

ደብተሩ አሁን ሃያ ሁለት ምግብ አለው። ሽሮ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ነው። ጓያው ሁለተኛው ላይ፣ በቀይ እስክሪብቶ። ዶሮ ወጥ የለም፤ ለፋሲካ ቤት ይመጣል፣ ያኔ ራሱ ይሠራታል፣ ሽንኩርቱንም ራሱ ይከትፋል።

እናንተም መጽሐፍ ልትገዙ ከሆነ ያልኳችሁን አትርሱ፤ ሽሮውን ግለጡ፣ «በመጠኑ» የሚለውን ቁጠሩ፣ የጾሙን ገጽ መዝኑ። ሦስቱን ያለፈ ካገኛችሁ ለእኔም ንገሩኝ፤ ደስ ብሎኝ እገዛዋለሁ። ካላገኛችሁ ደግሞ የሻይ ብርጭቆ ይዛችሁ እናታችሁ አጠገብ ቁሙ። አሳታሚዎችም ብትሆኑ እባካችሁ፣ ክትፎው ለአንድ እትም ይቆየንና ለሽሮ ሁለት ገጽ ስጡልን።

ደብተሩ ከደረሰው በኋላ ወንድሜ ትናንት ደወለ። «ትንሽ ወፈረብኝ፣ ውሃ ልጨምር?» አለኝ።

«ጨምር።»

«ስንት?»

«ሩብ ብርጭቆ። የፈላ ይሁን» አልኩት።

ቸር ያሰንብተን!